የእትዬ ደጊቱ ጥላ በስዊድን

ፍኖተ ሰላም ገበያ ስትገቡ በርበሬ ተራ የት ነው ብላችሁ አትጠይቁ፤ ማስነጠስ ስትጀምሩ ደርሳችኋል። እኔ ሠርክአዲስ እባላለሁ፣ ነጭ ሽንኩርት ሻጯ። መደቤ ከእትዬ ደጊቱ መደብ ጎን ነው። ምላስሽ ረዘመ ይሉኛል፤ ይበሉ፤ ነጭ ሽንኩርት በዝምታ አይሸጥም።

እትዬ ደጊቱን የማያውቅ የበርበሬ ነጋዴ ካለ እሱ ነጋዴ አይደለም። ከቡሬ ዙሪያ ገበሬዎች የሚያመጡላቸውን በርበሬ ከየጆንያው አንዳንድ ዛላ እየሳቡ ጆሯቸው ሥር ነቅነቅ ያደርጉታል። ፍሬው ከተንሿሿ ደርቋል። ዝም ካለ እርጥብ ነው፤ ሚዛን ላይ ይከብዳል፣ ጎተራ ሲገባ ይሻግታል። እሳቸው «ደርቋል» ካሉ ከአዲስ አበባ የመጣ ነጋዴ እንኳ ጆንያ ሳይፈታ ያስጭናል። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚህች በአንዲት ቃል ነው። ሌላ ሀብት የላቸውም፤ ቃላቸው ግን ሙሉ ነበር።

ታዲያ አምና ሰኔ ሲገባ ልጃቸው ፋና ስዊድን ወሰደቻቸው። ፋና እዚያ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ነው የምትሠራው፤ ዳላርና በሚባል ገጠር፣ ሲልያን ከሚባል ሐይቅ ዳር። እትዬ ደጊቱ ሽሯቸውን ቋጥረው ሄዱ፣ ለዘመን መለወጫ ደግሞ ከች አሉ። ኧረ አመጣጣቸው! ፊታቸው በርቶ፣ እጃቸው አላርፍ ብሎ፣ መደባቸው ላይ ሳይቀመጡ ጀመሩ።

«ሠርክአዲስ፣ አንቺ ልጅ፣ ተነሽ ስሚኝ! ዱሩ አጥር የለውም! ማንም ሰው ማንም ዱር ገብቶ የዱር ፍሬ ይለቅማል፣ ባለቤቱ 'ምን ፈለግህ' አይለውም። እኔ ራሴ ጥቁር ሰማያዊ ፍሬ ስለቅም ውዬ ከንፈሬ እስኪጠቁር በላሁ!»

«ኧረ እትዬ! ዘበኛ አልያዘዎትም?»

«የምን ዘበኛ! ደግሞ ላሞቻቸውን ልንገርሽ። በኛ ክረምት ከብቱን ወደ ዱር አውጥተው የሚያከርሙበት የጥንት ጎጆ አለ፣ ከእንጨት የተሠራ፣ ጣራው ላይ ሣር የበቀለበት። ከብቱን የሚጠብቁት ሴቶች ነበሩ። አንዲት ባልቴት ከጎጆው ደጅ ቆማ ድምፅዋን እንዲህ ወደ ላይ ለቀቀችው፤ እልል በይው፣ እንጉርጉሮ በይው፣ እኔ እንጃ። ላሞቹ ከጫካው እየሮጡ መጡ! እንባዬ መጣ፣ ማርያምን!»

በርበሬ ተራው ሁሉ ሥራ ፈታ። ሰዎች በረጅም ጀልባ ተሰልፈው እየቀዘፉ፣ የአገር ልብሳቸውን ለብሰው፣ ሐይቁን ተሻግረው ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ ማየታቸውን አወሩን። መንገድ ዳር ስለቆሙት የጥንት ድንጋዮችም አወሩን፤ እባብ የመሰለ ሐረግ ተስሎባቸው፣ በሐረጉ ውስጥ ጽሕፈት፣ ከመካከሉ መስቀል። እትዬ ደጊቱ መስቀሉን ሲያዩ ከመኪና ወርደው ተሳለሙት። ፋና «እማ፣ ሰው እያየ» ብትል «ይየኝ» አሏት። «ቤቱ ሁሉ እንደኔ በርበሬ ቀይ ቀለም የተቀባ ነው» አሉን።

እስከዚህ ድረስ አፋችንን ከፍተን ነበር የሰማናቸው። ከዚያ ግን አንዲት ነገር ጨመሩ።

«ሌሊቱ አይጨልምም። ሰኔ ላይ እኩለ ሌሊት ደጅ ቁጭ ብዬ፣ ያለ መብራት፣ መርፌ ውስጥ ክር አስገብቻለሁ።»

ከዚያ የሆነ ሰው ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሁላችንም ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ፤ ምን ላድርግ፣ ሳቅ ይጋባል። ከዚያ ቀን ወዲያ «እትዬ፣ ዛሬ ጨለመብዎት ወይስ ገና ነው?» የሚላቸው በዛ። እሳቸውም መጀመሪያ ይቆጡ ነበር፣ ኋላ ፊታቸውን ወደ ጆንያቸው ማዞር ጀመሩ።

ነገሩ ቀልድ ሆኖ ቢቀር ደግ ነበር። ኅዳር ሲገባ አዲሱ በርበሬ ደረሰ፣ ወንዳወቅም መኪናውን ይዞ መጣ። ወንዳወቅ የእትዬ ደጊቱ የድሮ ደንበኛ ነው። ወሬውን ሰምቷል። እሳቸው እንደ ልማዳቸው «ደርቋል» ሲሉት ራሱን አከከና፣ «ይቅርታ እትዬ፣ ዘንድሮ ፈትተን ብናየው አይሻልም?» አለ። ፈታው። እጁን እስከ ክርኑ ከተተ። ደረቅ ነው፤ ግን ፈታው! እሱን ያየ ሁሉ ደግሞ ይፈታ ጀመር።

እትዬ ደጊቱ የዚያን ዕለት አንዲት ዛላ ጆሯቸው ሥር አላነሱም። «ለምን ልነቅንቀው ሠርክአዲስ፣ እነሱ ሊፈቱት» አሉኝ። ሰው ስሙን በስተርጅና ሲያጣ ማየት ክፉ ነው። ሌሊት አልጨለመም ባይሉስ ምን ነበረበት እያልኩ በልቤ ተናደድኩባቸው።

ኅዳር ጽዮን ደረሰ። የማርያም ማኅበራችን በእህተ ማርያም ቤት ነው። ጾም ስለሆነ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ጽዋው አይቀመስም። ዳቦው ተጋግሯል፣ ጠላው ጠልሏል፣ ሁላችን ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተኮልኩለን እንጠብቃለን። ጸሎቱን የሚያደርሱልን የኔታ ይታገሱ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የዘመን ቁጥር ሲያስተምሩ የኖሩ ሽማግሌ። እኔ ስልኬን አውጥቼ «ዘጠኝ ሊሞላ ነው» ብል «አንቺ፣ ያንን መጫወቻሽን ክተቺ» አሉኝ። እሳቸው ዘንድ ሰዓት ማለት ጥላ ነው። ሰው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ የራሱ ጥላ ያለቀበት ቦታ ላይ ምልክት ያደርጋል፣ ከዚያ በገዛ እግሩ፣ ተረከዝ ከጣት እያጋጠመ ይሰፍረዋል። የየወሩ ስፍር የተለያየ ነው፤ የኛ እናቶች ሁሉ በቃላቸው ያውቁታል።

እህተ ማርያም ሰፍራ «ገና ነው» አለች። ይሄኔ ንግሥቴ፣ ያቺ ከኔ የባሰች ምላሰኛ፣ «የኔታ፣ እትዬ ደጊቱ አገር ቢሆንማ ፀሐይ ስለማትሄድ ዘጠኝ ሰዓትም አይሞላ፣ በረሃብ አልቀን ነበር!» አለች።

ማኅበርተኛው አውካካ። እትዬ ደጊቱ ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡ። ሊሄዱ ነው! ከማርያም ጽዋ ላይ ተነሥቶ የሄደ ሰው ተመልሶ አይመጣም።

«ቁሚ» አሉ የኔታ። «ፍልሰታን እዚያው ነበርሽ?»

«ነበርኩ የኔታ።»

«ሰማዩስ ደመና ነበር?»

«የለም፣ እነሱ ዘንድ ነሐሴ በጋ ነው። ብራ ነበር።»

«እንግዲያ ጥላሽን ሰፍረሻል።»

እትዬ ደጊቱ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። አለቀ፣ ውሸታቸው ተያዘ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። የኔታ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በቀትር ስንት ጫማ ወጣ ልጄ?» አሏቸው።

«እሺ!» ብለው ጮኹ እትዬ ደጊቱ። «እሺ፣ ልናገረው! እናንተም ሳቁ፣ ሆዳችሁ እስኪፈርስ ሳቁ! ፋና ሥራ ትውላለች። የግድግዳው ሰዓት የፈረንጅ ነው፣ አልገባኝም። አባቴ ያስተማሩኝን ጥላ አመንኩና ሜዳው ላይ ቆሜ ሰፈርኩ። በፍልሰታ ሰባት ጫማ ሲሞላ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሰባት ሞላ! ገብቼ ሽሮዬን በላሁ። በማግስቱም ሰፈርኩ፣ ሞላ፣ በላሁ። ሱባኤው ሊያልቅ ሲል ፋና ቀደም ብላ መጣችና ጉርሻዬ ከአፌ ሳለ 'እማ፣ ምን ሆነሽ ነው፣ ገና ስድስት ሰዓት እኮ ነው!' አለችኝ። የእመቤቴን ጾም በቀትር ስፈታው ከረምኩ! ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ። ለናንተ አፍሬ ነው የደበቅሁት። በሉ፣ አሁን ሳቁ።»

ማንም አልሳቀም፤ ምክንያቱም የኔታ ከመቀመጫቸው ዘለው ተነሥተዋል። እኒያ በመቋሚያ የሚሄዱ ሽማግሌ!

«እሰይ! እሰይ! በቀትር ሰባት ጫማ! ይኸውላችሁ፣ ኑ፣ ኑ ወዲህ!» መቋሚያቸውን መሬቱ ላይ ቀጥ አድርገው አቆሙ። «ፀሐይ ከአናት ስትሆን ጥላ ከእግር ሥር ትገባለች። አገሩ ወደ ሰሜን ሲርቅ ግን ፀሐይ በቀትርም አናት ላይ አትወጣም፤ ዝቅ ብላ በጎን ትዞራለች። ዝቅ ስላለች ጥላው ይረዝማል። በሰኔ ዳር ዳሩን ስለምትዞር ቀኑ ይረዝማል፤ ስትገባም ከምድር ጠርዝ ሥር ብዙ አትርቅም፣ ስለዚህ ሌሊቱ አይጠቁርም። ጥላውና ሌሊቱ አንድ ነገር ናቸው! እኔ ይህን ከመምህሬ ተማርኩት እንጂ በዓይኔ አላየሁትም። ይህች ሴት አይታዋለች፣ በእግሯም ሰፍራዋለች!»

ከዚያ ወደ ንግሥቴ ዞሩ። «አንቺ፣ ሰው ሲዋሽ የሚያስከብረውን ይዋሻል እንጂ የሚያሳፍረውን ይዋሻል?»

ንግሥቴ ተነሥታ የእትዬ ደጊቱን ጉልበት ሳመች። እኔም ተነሣሁ፤ እኔ ግን አንገታቸው ላይ ነው የተጠመጠምኩት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለው ለካ ለዚህ ነው!

«እንግዲያ ቁጭ በሉ፣ ያላወራኋችሁን ላውራችሁ» አሉ እትዬ ደጊቱ፤ ፊታቸው እንደ መጀመሪያው ቀን በርቷል። «ፋና ፋሉን የሚባል ቦታ ወሰደችኝ። መዳብ ይቆፈርበት የነበረ ጉድጓድ ነው። ጉድጓድ ስላችሁ የውኃ ጉድጓድ እንዳይመስላችሁ፤ ይህ ገበያችን ከነሰዉ ከነአህያው ይገባበታል። የቤቶቹ ቀይ ቀለም ከዚያ አፈር ነው የሚወጣው። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ሰዉ ከሥሩ ሲምሰው ኖሮ አንድ ቀን መሬቱ እንዳለ ተደረመሰ። ስንት ሰው ሞተ ትላላችሁ?»

«ኧረ በሞቴ፣ ስንት?»

«አንድም! በዓል ነበራ! በበጋ የሚያከብሩት ትልቅ በዓላቸው ነበር፣ አንድም ሰው ሥራ አልገባም። ከጉድጓዱ አፍ ቆሜ እልልልል አልኩ። እዚያ የነበረው ፈረንጅ ሁሉ ዞሮ አየኝ።»

እልልታው ግቢውን ሞላው። ስለ ጀልባው ድገሙልን፣ ላሞቹ እንዴት ነበር የተጠሩት እያልን ስናስወራቸው ጊዜው ሄደ። እህተ ማርያም ድንገት ቀና ብላ «የኔታ፣ ጥላችን!» አለች። ጥላችን አጥሩን ተሻግሯል። ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ቆይቷል፣ ዳቦው ቀዝቅዟል፣ አንዳችንም አላስታወስንም።

በቀጣዩ ገበያ ወንዳወቅ መጣ። ወሬው ቀድሞት ደርሷል፤ ንግሥቴ እያለች ሬዲዮ ምን ያደርጋል። አንገቱን ሰበር አድርጎ እትዬ ደጊቱን ሰላም አለ። እሳቸው አንዲት ዛላ አነሡ፣ ጆሯቸው ሥር ነቀነቁ።

«ደርቋል።»

ወንዳወቅ የጆንያውን ገመድ አልነካም። ተሸካሚዎቹን «ጫኑ፣ ሁሉንም ጫኑ» አላቸው። ከዚያ ድንጋይ ስቦ አጠገባቸው ተቀመጠና፣ «እትዬ፣ ያ በጀልባ የሚሳለሙት ቤተ ክርስቲያን... እስቲ ይንገሩኝ» አለ።

እሳቸው ግን አልሰሙትም። ያን ጠዋት ከገበሬ ከተረከቡት ጆንያዎች ገና ያልፈተሹትን የመጨረሻውን አንዱ ተሸካሚ ሲያነሣ ከሱ አንዲት ዛላ ሳቡ። ዛላዋን ጆሯቸው ሥር አንዴ ነቀነቁ። ደግመው ነቀነቁ። ዛላዋ ዝም አለች።

«ያንን አውርደው» አሉት። «እሱ አልደረቀም።»

ወንዳወቅ ተነሥቶ ጆንያውን በገዛ እጁ ከተሸካሚው ትከሻ ላይ አወረደ፤ ሳይፈታው።