ቁልፍ ሠሪው ለምን ሰው ከቤት ያስወጣል?

ልብስ ሰፊዋን የሰፈሩ ሰው ከኋላዋ «እትዬ ጠርጥር» ይላታል። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት፤ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጥላ፣ ከስፌት መኪናዋ ቀና ባለች ቁጥር መንገዱን በመስኮት ትቃኛለች።

ቁልፍ ሠሪው ከቤቷ ፊት ለፊት ባለው ባዶ ቦታ መረብ ወጥሮ፣ «ቅዳሜ ቅዳሜ መረብ ኳስ እንጫወት፤ ሽማግሌውም ወጣቱም ይምጣ» እያለ በየቤቱ ሲዞር፣ እሷ ከደጃፍ መለሰችው። ወዲያው ለእህቷ ደወለች።

«የሰፈሩን በር ሁሉ መክፈት የሚችል ሰው፣ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ከቤት ሲያስወጣ ምን ማለት ነው?»

«ስፖርት ማለት ነዋ!»

«አንቺ ደግሞ የዋህ ነሽ። እንዲያው በባዶ ሜዳ ደግ የሚሆን ሰው አይቼ አላውቅም።»

ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከመስኮቱ አልነቃነቅም አለች። ጡረተኛዋ ነርስ ቀሚሷን ሰብስባ ስትዘል፣ በአጥር ተጣልተው ለዓመታት የተኳረፉት ዳቦ ጋጋሪና ሹፌር በአንድ ቡድን ገብተው «ተው፣ የኔ ናት!» እየተባባሉ ሲጯጯሁ አየች። የማንም ቤት አልተዘረፈም። ይሄ ደግሞ ይብስ አጠራጠራት። «እያለማመደን ነው» አለች በልቧ።

አንድ ቅዳሜ ጨዋታው መሀል ቁልፍ ሠሪው የመሣሪያ ቦርሳውን አንስቶ ሹልክ አለ። ተከተለችው። ጥግ ላይ ካለው ፎቅ ገባ። እሷም ደረጃውን በእግሯ ጣቶች ወጥታ ከመታጠፊያው አጮለቀች። ቁልፍ ሠሪው፣ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ከቤት ወጥተው በማያውቁት ጡረተኛ መምህር በር ላይ ቆሟል። ቦርሳውን አልከፈተም፤ አንኳኳ።

«ጋሼ፣ ዳኛ አጥተን ልንጣላ ነው። ወጥተው ይገላግሉን።»

ከውስጥ ሳል ተሰማ። «ሂድ አንተ ሰውዬ፣ ተወኝ!»

«እሺ፤ ድምፅዎን ከሰማሁ ይበቃኛል።»

ሲመለስ ከልብስ ሰፊዋ ጋር ተፋጠጡ።

«ቦርሳውን ለምን ያዝከው?»

«ባይመልሱልኝ ልከፍት።» ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። «እትዬ፣ እኔ የምጠራው ቁልፍ ሲጠፋ ብቻ አይደለም፤ ሽታ ሲያስቸግርም እጠራለሁ። ባለፈው ክረምት አንድ በር ከፈትኩ፤ ሰውየው ከሞተ ሰንብቷል። ጎረቤቶቹ ስሙን እንኳ አያውቁትም። እንዲህ በየሳምንቱ ከተገናኘን፣ የቀረ ሰው ይታወቃል ብዬ ነው።»

«ታዲያ እኔ ጋ ደግመህ ያላንኳኳኸው ለምንድን ነው?»

«የእርስዎማ መጋረጃ ሲንቀሳቀስ በየቅዳሜው አየዋለሁ!»

ሳታስበው ሳቀች።

በቀጣዩ ቅዳሜ ወጣች። የምትመታው ኳስ ሁሉ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ያርፋል፤ ተቀየሪ ሲሏት ግን ወይ ፍንክች! መምህሩ እሺ እስኪሉ ብዙ ልመና ጠየቀ፤ በመጨረሻ ፒጃማቸው ላይ ኮት ደርበው ወረዱና ወንበር ተሰጣቸው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አንድ ቅዳሜ ልብስ ሰፊዋን ትኩሳት ጣላትና ከጨዋታው ቀረች። ረፋድ ላይ በሯ ተንኳኳ። ተነስታ ስትከፍት ነርሷ፣ ሹፌሩና መምህሩ ደጃፏ ላይ ተደርድረዋል።

«ምን ፈልጋችሁ ነው?» አለች፣ በሩን ገርበብ አድርጋ።

ነርሷ እጇን አሾልካ ግንባሯን ዳሰሰች።