ለሀጂራ ሲባል ያልሞተችው ሴትዮ

እታለማሁ ቴሌቪዥን የምታየው ለሁለት ሰው ነው። ሶፋው ላይ የምትቀመጠውስ ብቻዋን ነው፤ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው አፓርትመንቷ ውስጥ ከማሞቂያው ጉርምርምታ በቀር ድምፅ የለም። ግን ያየችውን ሁሉ በማግስቱ ለሀጂራ ትነግራታለች። ስለዚህ ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ሆኖ ልቧ «ይሄን እንዴት አድርጌ ልንገራት?» እያለ ነው የምታየው።

ሀጂራ እዚያው አካባቢ፣ ከወንዙ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ ነው ቤቷ። ሁለቱ የተዋወቁት ድሮ አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ክፍል ሲያጸዱ ነው። አንሶላውን አንዷ በዚህ፣ አንዷ በዚያ ይዘው ሲወጥሩ የጀመሩት ወሬ ነበር፤ ሆቴሉም ቀረ፣ ጉልበቱም ቀረ፣ ወሬው ግን አላለቀም። አሁን ሀጂራ ስኳሩ ዓይኗን ስላደከመባት ቴሌቪዥኑ ለእሷ የሚንቀሳቀስ ጭጋግ ሆኗል። የቀትሩን ዙሁር ሰግዳ ስትጨርስ ትደውላለች። «እሺ እታለምዬ፣ የት ላይ ነበር ያቆምነው?» ትላለች።

የእታለማሁ እንግሊዝኛ የሆቴል እንግሊዝኛ ነው። ፎጣ፣ አንሶላ፣ ቁልፍ፣ ይቅርታ ልግባ ወይ፣ እዚህ ድረስ ማንም አይረታትም። ከዚያ ያለፈውን ከሰው ፊት ታነበዋለች። የድራማዎቹን ርዕስ አትይዝም፤ ስም የምታወጣላቸው ራሷ ናት። «የጠበቆቹ» አለ፣ «የሀይቁ» አለ፣ «የበረዶው ሆስፒታል» አለ።

የአሜሪካኖቹን አትወዳቸውም፤ አንድም ቀን ግን አያመልጧትም።

«መብራት የማያበራ ፖሊስ ምን ዓይነት ፖሊስ ነው?» ትላለች። «ሰው የሞተበት ቤት ገብቶ፣ ማብሪያው ግድግዳው ላይ ተሰክቶ እያየው፣ በባትሪ ይርመሰመሳል።»

«ኤሌክትሪክ ሊቆጥቡ ነዋ» ትላለች ሀጂራ።

«ምግቡስ? ሳህኑ ሙሉ ይቀርባል፤ አንድ ቃል ይጣላሉ፤ ትተውት ይነሣሉ። ያን ሁሉ ማን ይበላዋል?»

«ካሜራ የያዘው ይበላዋላ! እሱም ልጆች አሉት።»

የካናዳዎቹ ይሻሏታል። ቀስ ይላሉ፤ ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ ይጠብቃሉ። ጎረቤት ጎረቤቱን ያውቃል፤ አንዱ ሲታመም ሌላው በረዶውን እየጣሰ ድስት ተሸክሞ ይመጣል። ነፍሰ ገዳዩ እንኳ ሲያዝ ይቅርታ ይላል። የምትነቅፍባቸው እንዲያ በሚበርድ ሀገር ኮታቸውን አለመቆለፋቸውን ነው። «አንገታቸውን እንድናይላቸው ነዋ» ትላታለች ሀጂራ፣ እና ሁለቱም ይስቃሉ።

አሜሪካም ሆነ ካናዳ ግን አንድ ነገራቸውን እታለማሁ ልትቀበለው አልቻለችም። ሐኪሙ ሰውየውን ቁጭ ያደርጋል፤ ዓይን ዓይኑን እያየ ትሞታለህ ይለዋል። ዘመድ ሳይጠራ፣ ሽማግሌ ሳይላክ! ሲሞትም ያው ነው። ሐኪሙ በኮሪደሩ ይመጣል፤ ያን ሰማያዊ ቆቡን ከራሱ ላይ ያወልቃል፤ ቤተሰቡ ቆሞ ይሰማል፤ አለቀ። «ቆቡን ካወለቀ አፉን እስኪከፍት አትጠብቂ» ትላለች። «ሰውየው የለም ማለት ነው። አንድ ቀን ስቼ አላውቅም።» ከዚያ ቀብር ነው። ጥቁር መነጽር፣ ቀጥ ያለ አንገት፣ እንባ የለ፣ ዋይታ የለ፤ በማግስቱ ሁሉም ሥራው ላይ ነው።

«ኧረ ተይኝ» ትላለች ሀጂራ ይሄ ሲነሣ። «የእኔን ባል በሽታው ነው ወይስ ዶክተሩ የገደለው? ዓመት አትደርስም ብሎ ቢነግረው፣ ወላሂ፣ ወሩን አልጨረሰም።»

እታለማሁ ይሄን ድራማ የመንገር ነገር የለመደችው በልጅነቷ ነው። ጉለሌ፣ ከሰፈሩ ቴሌቪዥን ያለው አንድ ቤት፣ የአቶ ንጉሴ ቤት ነበር። ትንሽ ስለሆነች በሰው እግር መሀል ሾልካ ትገባለች። እናቷ በዚያን ጊዜ ሐዘን ላይ ነበሩ፤ የእታለማሁን ወንድም ቀብረው ጥቁር ለብሰው ከቤት አይወጡም። ጠዋት ጠዋት አጠገባቸው ቁጭ ብላ ያየችውን ትነግራቸዋለች። የሚሞት ሰው ሲመጣ ግን ትዘለዋለች። መንገድ ሄደ ትላለች፤ ዘመድ ጥየቃ ሄደ ትላለች። እናቷ ያውቁ እንደሆነ እንጃ። ፀጉሯን እየደባበሱ «ደግ አደረገ፤ ዘመድ መጠየቅ ጥሩ ነው» ይሏት ነበር።

ከዚህ የመጣ ነው እንግዲህ ጉዱ።

«የበረዶው ሆስፒታል» ላይ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የምትነዳ አንዲት ሴትዮ ነበረች። ደርበብ ያለች፣ ሳቂታ፣ ልጆቹን በየስማቸው እየጠራች የምታሳፍር። ሀጂራ ገና ስትሰማ ወደደቻት። «ቁርጥ እኔን ናት፤ እኔም እድሜዬ ቢፈቅድ አውቶቡስ እነዳ ነበር» አለች። እንግዲህ ይቺን ሴትዮ መንጋጋዋን ያማት ጀመር። ጥርስ መሰላት። እጇ ከበዳት፤ ድካም ነው አለች። መጨረሻ ላይ ወጥ ቤቷ ውስጥ ሲኒ እያጠበች ሳለ ቀስ ብላ ወደቀች፤ ውሃው ሳይዘጋ ሲፈስ ቀረ። እታለማሁ ከሶፋዋ ተነሥታ ቆማ አለቀሰች።

በማግስቱ ሀጂራ ደወለች። «ያቺ ሴትዮዬስ? መንጋጋዋን ተሻላት?»

እታለማሁ አፏን ከፈተች። ሀጂራ ብቻዋን ናት፤ ልጇ ያሲር ሥራ ላይ ነው፤ ደግፎ የሚይዛት ሰው አጠገቧ የለም። መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ? ለሰው ሀገር ሴትዮም ቢሆን መርዶ መርዶ ነው።

«ተሽሏታል» አለች። «ጥርስ ነበር። ትኩስ ነገር ጠጣች፤ ጋደም አለች፤ ተነሣች።»

«አልሐምዱሊላህ!»

አንዴ ካዳኗት ወዲያ ማኖር ግድ ነው። ሀጂራ በየቀኑ ትጠይቃለች፤ እታለማሁ በየቀኑ ትፈጥራለች። ሴትዮዋ እህቷ ጋ ሄደች። ከተጣላችው ልጇ ጋር ታረቀች። ውሻ ገዛች። ድራማው በቴሌቪዥን በአንድ በኩል ይሄዳል፣ የሀጂራ ድራማ በስልክ በሌላ በኩል ይሄዳል። ሀጂራም ከሁሉ አስበልጣ የወደደችው ይሄን ነው። «ይሄስ ደራሲ ሰው ነው፤ እናት ያሳደገችው ነው» አለች። እታለማሁ ደስም አላት፣ አፈረችም።

አንድ ማክሰኞ ሀጂራ ስትደውል ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ምን ሆነሻል አንቺ? ድምፅሽ ልክ አይደለም።»

«ደረጃ ወጥቼ ነው። ሊፍቱ ተበላሽቷል።» ትንፋሽ ወሰደች። «መንጋጋዬንም ትንሽ ይጠዘጥዘኛል። ግራ እጄ ድንጋይ ሆኗል፤ ሲነጋጋ ደግሞ ላብ አጠመቀኝ።»

እታለማሁ ሶፋው ጠርዝ ላይ ቀረች። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ሰነበተ። አብሽሪ፤ ያቺ ሴትዮ ያደረገችውን እያደረግሁ ነው። ትኩስ ነገር ብለሽኝ የለ? ጦስኝ አፍልቼ እጠጣለሁ፤ ጋደም እላለሁ። እሷ ድና የለ?»

እታለማሁ ከሶፋው ተነሣች። «ሀጂራ፣ ኢመርጀንሲ ሂጂ። አሁን።»

«ቁጭ አድርገው ትሞቻለሽ ሊሉኝ? ለሚመጣው ወር አፖይንትመንት አለኝ።»

«የምን የሚመጣው ወር! ተነሺ!»

«አትጩኺብኝ እቴ፣ ራሴን አመመኝ። ልተኛበት፤ ስነቃ እደውላለሁ።» ዘጋችው።

እታለማሁ ስልኩን ይዛ በቤቱ ውስጥ ዞረች። ያሲር ጋ ደወለች፤ አያነሳም። ኤርፖርት ሰው የሚያመላልስ ሻትል ነጂ ነው፤ ሲነዳ ስልክ አይነካም። ራሷ አምቡላንስ እንዳትጠራ እንግሊዝኛዋ እዚያ አይደርስም። መልሳ ሀጂራ ጋ ደወለች። ጠራ፤ ጠራ። ዓይኗ ላይ የመጣው የሚፈስ ውሃና ሲኒ ነው። በሀገር ወግ መርዶ የሚነገረው ማልዶ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚይዝ የሚደግፍ ግራና ቀኝ ቆሞ ነው። ድንጋጤው ራሱ ይገድላል ይባላል፤ የሀጂራን ባል ገድሏል። ብትነግራትና ልቧ ቀጥ ቢልስ? ባትነግራትና ጦስኟን ጠጥታ ብትተኛስ?

ሀጂራ አነሣች። «አሁን ምን ሆንሽ?»

«ሀጂራ፣ ስሚኝ። ያቺ ሴትዮ ሞታለች።»

«የትኛዋ?»

«የአውቶቡሷ።»

«ያ ሰቲር! መቼ? ትናንት እህቷ ጋ እራት ስትበላ አልነበር እንዴ?»

«እራት አልበላችም። ያኔውኑ ነው የሞተችው። ጥርስ አይደለም፤ ልቧ ነበር። ሲኒ እያጠበች ወደቀች።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ቀን ስትነግሪኝ የከረምሽው ስለማን ነው?»

«እኔ እንጃ። እንድትኖር ፈልጌ ነው።»

«ውሻውስ?»

«ውሻም የለም።»

«አንቺ ሴትዮ ገደልሽኝ።»

«እንዳትሞቺ ነው የምነግርሽ! በይ፣ የዛኪያን ግድግዳ ምቺ። ስልኩን ሳትዘጊ ምቺ!»

ዛኪያ የግድግዳ ጎረቤቷ ናት። ዱብ፣ ዱብ የሚል ድምፅ ተሰማ። ዝም አለ። እንደገና ዱብ። ከዚያ በር፣ የሴት ጩኸት፣ ዛኪያ በእንግሊዝኛ አምቡላንስ ስትጠራ፣ እና ስልኩ ተቋረጠ።

እታለማሁ ነጠላዋን ከኮቷ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ሜትሮው ሮጠች፤ ጉልበቷ እንደፈቀደላት። ባቡር ቀየረች። በየጣቢያው በሩ ሲከፈት «ግባ እንጂ፣ ምን ታንቀላፋለህ!» ትላለች በሆዷ ለማታውቀው ሰው። ባቡሩ ከመሬት ወጥቶ ድልድዩ ላይ ሲደርስ ወንዙ አመድ መስሎ ታያት። አንድ ሐሳብ ብቻ ነው የሚመላለስባት፤ ሀጂራ ብትሞት ከበሽታው ነው ወይስ ከመርዶው? ይሄን ማን ይነግራታል?

ያሲር መንገድ ላይ ሳለች ደውሎ የት እንዳስገቧት ነግሯት ነበር፤ የሆስፒታሉ በር ላይ የሥራ ጃኬቱን እንደለበሰ ጠበቃት። ጢም ያወጣ ትልቅ ሰው ነው፤ ፊቱ ግን የሕፃን ሆኗል።

«እትዬ፣ መጡ? ገብታለች። የልቧ ቧንቧ ብሎክ አድርጓል፤ ሊከፍቱላት ነው።»

«ምን አለች? ተናግራለች?»

«አዎ፣ ግን አልገባኝም። ሲያስገቧት ‹እታለም ቀብሩን ትንገረኝ፤ እንዳትጨምር› አለች። የማን ቀብር ነው እትዬ?»

«የማንም» አለች እታለማሁና ተቀመጠች።

መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል፤ ድምፁ ተዘግቶ ድራማ ይሄዳል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከከንፈራቸው ወሬውን ትለቅመው ነበር። ዛሬ ወንበሯን አዙራ ጀርባዋን ሰጠችው። ማርያምን ለመነች። ያሲር ከጎኗ በሹክሹክታ ቁርኣን ይቀራል። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሁለቱም ይነሣሉ፤ ጽዳት ይሆናል፣ የሌላ ሰው ነርስ ይሆናል፤ መልሰው ይቀመጣሉ።

በመጨረሻ በኮሪደሩ ጫፍ ሐኪሙ ብቅ አለ። ረጅም ነው፤ ሰማያዊ ለብሷል፤ ወደ እነሱ እያየ ይመጣል። እታለማሁ ፊቱን አላየችም። ያየችው እጁን ነው። እጁ ወደ ራሱ ሄደ። ቆቡን ያዘ። አወለቀው።

«ወይኔ ሀጂራዬ! ወይኔ እህቴን! እኔው በአፌ!»

ደረቷን መታች። ሰው ሁሉ ተነሣ፤ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ቡናውን ደፋ፤ ሐኪሙ ቆቡን እንደጨበጠ ደንግጦ ቆመ። ከዚያ ወደ ያሲር ዞሮ ፈጠን ፈጠን እያለ ተናገረ።

«እትዬ! እትዬ፣ ይስሙኝ! ኦኬ ናት! ተከፍቶላታል፣ ደህና ናት ነው የሚለው!»

«ቆቡን አወለቀ እኮ!»

«ሙቀት ነዋ እትዬ!»

እታለማሁ ሐኪሙን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ፀጉሩ ላብ በላብ ሆኗል፤ እውነትም ሙቀት ነው። እጁን ይዛ ሳመችው፤ ምስኪን፣ የሚገባበት ጠፋው።

በማግስቱ ጠዋት ሀጂራ አልጋዋ ላይ ገርጥታለች፤ ደረቷ ላይ ሽቦ በሽቦ ነው። ከጎኗ ባለው ማሽን አረንጓዴ መስመር ይዘላል፤ እታለማሁ ዓይኗን ከእሱ መንቀል አልቻለችም።

«እኔ ሳልሞት አለቀስሽልኝ አሉኝ» አለች ሀጂራ።

«ምን ላድርግ፤ ድራማው ዋሸኝ።»

«እሱ ብቻ ነው የዋሸው?»

ሀጂራ የእታለማሁን እጅ በዳበሳ ፈልጋ ያዘች።

«ዶክተሩ መጥቶ ነበር። እንደምትዪው ነው፤ ፊት ለፊት ነገረኝ። የልብሽ አንዱ ጥግ ሞቷል፣ አይመለስም፤ የቀረውን ጠብቂ አለኝ።»

«ደነገጥሽ?»

«ካንቺ መርዶ በኋላ ምን ያስደነግጠኛል?» አለች ሀጂራ። «በይ አሁን ንገሪኝ። ማን አለቀሰላት?»

«ማንም።»

«እህቷስ?»

«እህት የላትም ሀጂራዬ።»

«አውቶቡሱስ?»

«ሌላ ሴትዮ መጣች። ልጆቹ ስሟን ጠየቋትና ገቡ። አንዷ ትንሽ ልጅ ብቻ አልገባም ብላ በረዶው ላይ ቆመች።»

ሀጂራ ደካማ ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች። «እሷን ጨመርሽልኝ ወይስ አለች?»

«አለች። በማርያም፣ አለች።»

«ቀጥዪ እንግዲህ።»

እታለማሁ አረንጓዴዋን መስመር አንዴ አየት አደረገችና ቀጠለች።