ጎማ እግሩን ሲልስ

አክስቴ በረኪና የማታፈስበት ነገር ቢኖር የምትጠጣው ውሃ ብቻ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ የትምህርት ቤት ኮሪደር ስታጸዳ ኖራ ጡረታ ወጥታለች። ተማሪዎቹ «እማማ በረኪና» ይሏት ነበር፤ እሷም ስሙን እንደ ሹመት ተቀብላዋለች። ለጉንፋንም፣ ለጉንዳንም፣ ለመጥፎ ህልምም መድኃኒቱ ወለል ማጠብ ነው። ጋሼ የምንለው ባሏ፣ የአውቶቡስ ሾፌሩ፣ «ስሞት አደራ፣ በረኪናውን ሳታቀጥኚ እንዳታጥቢኝ» እያለ ያስቀን ነበር።

ሞተ። ከመሞቱ በፊት ወራት ሙሉ ሳሎን ውስጥ በተዘረጋለት አልጋ ላይ ታሞ ሲተኛ፣ ጎማ ከአልጋው ሥር ንቅንቅ አላለም። ጎማ ውሻው ነው። ጋሼ ጋራዥ ውስጥ በአሮጌ ጎማ መሃል ተጠቅልሎ ተኝቶ አግኝቶት ነው ስሙን ያወጣለት። ከቀብሩ በኋላ፣ አመሻሽ ላይ ጋሼ ከሥራ በሚገባበት ሰዓት፣ ጎማ በሩ ሥር ይቀመጥና የፊት እግሮቹን መላስ ይጀምራል። ይልሳል፣ ይልሳል፤ ድምፁ ራሱ ነፍስ ያወጣል። ነጩ ጸጉሩ የዛገ ቆርቆሮ መሰለ። በጣቶቹ መሃል ያለው ቆዳ ቀልቶ አበጠ፤ ኋላም ማነከስ ጀመረ።

ጎረቤት ሁሉ ሐኪም ሆነ። ሐዘን ነው አሉ፤ ጌታውን ተከትሎ ሊሄድ ነው አሉ። አክስቴ ይህን ስትሰማ ክው አለች።

«ጎማም ከሄደ፣ እሱን አብሮኝ የሚጠብቅ ማን አለ?» አለችኝ።

የሞተ ሰው አይጠበቅም ልላት አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት።

ታዲያ ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ቆሻሻ ረግጦ ነው ብላ ደመደመችና ጠዋት ማታ ወለሉን በበረኪና ትፈትግ ጀመር። ውሻው ከውጭ በገባ ቁጥርም እግሮቹን ባልዲው ውስጥ ትነክርለታለች። ምስኪን፣ ባልዲውን ሲያይ የሚገባበት ይጠፋው ነበር። እሱ በባሰበት ቁጥር እሷ በረኪናውን ትጨምራለች።

አንድ ጠዋት ብቅ ስል ወለሉ ላይ የደም ጠብታ አየሁ። ትዕግስቴ አለቀ። ውሻውን በፎጣ ጠቅልዬ፣ አክስቴን በግድ ጎትቼ፣ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው።

ሐኪሟ ገና ወጣት ናት፤ ግን አትቸኩልም። ጣቶቹን አንድ በአንድ እየከፈተች እሾህ ፈለገች፣ ቁንጫ ፈለገች፣ ጥፍሮቹን አየች፣ መገጣጠሚያውን አጠፍ ዘርጋ እያደረገች ፈተነች። ምግብ ቀይራችሁለታል ወይ አለች፤ አልቀየርንም። ከዚያ አቀርቅራ እግሩን አሸተተች። ቀና ስትል ዐይኗ ያረፈው የአክስቴ እጆች ላይ ነው። ተልጠዋል፣ ተሰነጣጥቀዋል፣ በጣቶቹ መሃል ቀልተዋል። ሐኪሟ የጎማን እግር አንስታ አክስቴ እጅ አጠገብ አደረገችው። እኔም አየሁ፤ አንድ ዓይነት ቁስል ነው።

«እማማ፣ ወለሉን በምን ነው የሚያጥቡት?»

ሳትቆጣ አስረዳቻት። ውሻ እግሩን የሚልስበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ቁንጫም፣ ያልተስማማው ምግብም፣ የመገጣጠሚያ ሕመምም፣ ብቸኝነትም ያስልሰዋል። የጎማ ግን ቆዳው በበረኪናው ተቃጥሎ ነው። ሲልሰው ይረጥባል፤ የረጠበው ያሳክከዋል፤ ያሳከከውን መልሶ ይልሳል፤ በዚህ መሃል ቁስሉ አመርቅዟል። ኪኒንና ቅባት ሰጠችን። እስኪድን እንዳይልስ አንገቱ ላይ ሰፊ የፕላስቲክ አንገትጌ አሰረችለት። ከውጭ ሲገባ እግሩ ለብ ባለ ውሃ ብቻ ይታጠብ፣ በጣቶቹ መሃል በደንብ ይድረቅ አለች። በረኪናው ግን ከዚያ ቤት ይውጣ።

አክስቴ ወለሉን ወለሉን እያየች ጠየቀቻት።

«ታዲያ ሽታውን በምን ላስለቅቀው?»

የምን ሽታ አልኳት። ያ ቤት ከበረኪና በቀር ምንም አይሸትም።

ያኔ ነገረችን፤ በመጨረሻዎቹ ቀናት ጋሼ ሽንቱን መቆጣጠር አቅቶት ነበር። አንድ ቀን አንሶላውን ስትቀይርለት አፍሮ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ «ሸተትኩሽ አይደል?» አላት።

«ምን አልሽው?» አልኳት።

«ምንም። ባልዲዬን አንስቼ ወለሉን አጠብኩ። ዞሮ እያየኝ።»

በማግስቱ አፉ ተያዘ። ከዚያ በኋላ ብትነግረውስ መስማቱን በምን ታውቃለች?

ጎማ ቀስ በቀስ ዳነ። አንገትጌውን ከበሩም ከወንበሩም ጋር እያላተመ አክስቴን ከስንት ጊዜ በኋላ አሳቃት። የቀረውን በረኪና እኔው ወሰድኩት፤ እሷ ግን ባልዲ ፍለጋ እየተነሳች መልሳ ትቀመጥ ነበር። እጆቿም ቆዳ አወጡ።

ትናንት አመሻሽ ላይ ሳላንኳኳ ገባሁ። የጋሼ አልጋ በነበረበት ቦታ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ የጎማን እግር ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በጋሼ ፎጣ በጣቶቹ መሃል እያደረቀች ነው። መግባቴን አልሰማችም።

«አልሸተትከኝም» አለች፣ ፎጣውን እያየች። ሌላኛውን እግር አነሳችና፣ «አንድ ቀንም አልሸተትከኝም።»

ጎማ እሷን አያይም። ጆሮውን አቁሞ በሩን ይጠብቃል።