መዶሻ ያልተቀበሉት ሰዎች

ትናንት ማምሻውን የባለቤቴ አጎት ከሴንት ፖል ደወለልኝ። «እናቷ አርፈዋል» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እንዳትነግራት፤ ጠዋት ሰብሰብ ብለን እንመጣለን።» እሺ አልኩት። በእኛ ወግ መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው። ሚኔሶታ፣ ብሉሚንግተን ከተማ ባለው ቤታችን ጋራዥ ውስጥ ስልኩን እንደያዝኩ ቆምኩ። ግድግዳው ላይ የአባቴ መዶሻዎች ተሰቅለዋል።

በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት ነበር፤ እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ። የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ ግርማ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ባሕሩ አጠገብ አንዲት ትንሽ ሞቴል ይጠብቅ ነበር። ትምህርት በተዘጋ ቁጥር ሁለት ቀን ነድተን እሱ ጋ እንወርዳለን። ዓሣ በሚጥሚጣ ጠብሶ በወረቀት ሳህን ያቀርብልናል። ውሃ የሚፈራው አባቴ ሱሪውን ጠቅልሎ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሲገባ፣ ግርማ «ኧረ ሰውዬው ሊሰጥም ነው!» እያለ ይጮኻል። ከዚያ የበለጠ ደስታ አላውቅም ነበር።

የሚኔሶታ ቅጠል በቀላበት ሰሞን አውሎ ነፋሱ ያንን ቦታ መታው። የአካባቢው ስልክ ተቋረጠ። ቆይቶ የአትላንታ ዘመዶቻችን ለእናቴ ደወሉ፤ ግርማን ውሃ ወስዶት አስከሬኑ ተገኝቷል። ለአባቴ ግን «ደህና ነው፤ ቤቱ ብቻ ነው የተጎዳው፤ እኛም እዚያ እንመጣለን» አሉት። ዘመድ በተሰበሰበበት ሊያረዱት ቆርጠዋል። ይህን አባቴም እኔም አናውቅም ነበር።

አባቴ ቤቱን ሊጠግንለት የፕላይውድ ጣውላ፣ ምስማር፣ ሸራና መዶሻ ገዝቶ ቫኑን ሞላው። እኔ ስነዳ እሱ ስለ ግርማ ያወራል፤ በጉርምስናው የአባቴን ብቸኛ ሱፍ ተውሶ፣ ከነሱፉ ወንዝ ውስጥ መውደቁን። እንባው እስኪወርድ ይስቃል።

«ታዴ፣ በቃህ፤ ትንሽ ተኛ» አለችው እናቴ ከኋላ።

«ምን ሆነሻል? ሰውየው ተርፏል እኮ!»

እናቴ ከቤት የያዘችውን ዳቦ አልቀመሰችም። የመኪናው ጉዞ ያመማት መሰለኝ።

በማለዳ ደረስን። የጥድ ዛፎቹ ከወገባቸው ተሰብረዋል፤ አየሩ የበሰበሰ ዓሣና የራሰ ፍራሽ ይሸታል። ሞቴሉ ጣሪያ አልነበረውም። ፊት ለፊቱ ዘመዶቻችን ቆመዋል፤ በዚያ ሙቀት ወንዶቹ ጥቁር ኮት ለብሰዋል። አባቴ ለሥራ የመጡ መሰሉት። ከቫኑ ዘሎ ወርዶ መዶሻ ያድላቸው ጀመር።

«በሉ እንጂ፣ ፀሐይ ሳይበረታ እንጀምር! ግርማስ? ተኝቷል?»

አንዳቸውም እጃቸውን አልዘረጉም።

«ታደሰ» አሉት ከሁሉም የሚበልጡት አቶ ዘነበ፣ «አስቀምጠው።»

እናቴ ከኋላው ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጮኸች። አባቴ መዶሻውን እንደያዘ አሸዋው ላይ ተቀመጠ።

ግርማን ቀብረን ስንመለስ፣ አይዋ ግዛት ስንደርስ አባቴ ፊቱን ወደ ኋላ መለሰ። ከዚያ እናቴን «መንገዱን ሁሉ ስስቅ መጣሁ» አላት። «ወንድሜ ሞቶ ስስቅ እያየሽኝ ዝም አልሽ።»

«ወጉ ነው፣ ታዴ።»

«አውቃለሁ። እኔም ለስንቱ እንዲሁ አድርጌአለሁ።»

የሱፉን ታሪክ እስኪሞት ድረስ ደግሞ አላወራውም።

ወጉን አልንቅም። ሰው ብቻውን እንዳይወድቅ የተበጀ ነው። የአባቴ ሳቅ ግን ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ፤ ያመኛል።

ትናንት ከጋራዡ ስገባ ባለቤቴ ለእናቷ ልትልክ የገዛችውን ሹራብ ራሷ ለብሳ ለልጃችን ታሳያለች። ልጅቷ በእንግሊዝኛ ታሾፍባታለች፣ እሷ በአማርኛ ትመልሳለች፣ ሁለቱም ይንከተከታሉ። ዘመዶቿ ይቀየሙኛል፤ ይቀየሙኝ። ቴሌቪዥኑን አጠፋሁና «ነይ እስቲ፣ አጠገቤ ተቀመጪ» አልኳት።

ሹራቡን እንደለበሰች፣ እየሳቀች መጣች።