ከእናቴ ጋር የጾሙ ጉንዳኖች

ጉንዳን ማርባት የጀመርኩት አስረኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ጥዬ ቤት የዋልኩ ጊዜ ነው። ሰው ይስቃል። ይሳቅ። ውሻ ዕድሜ ልኩን አስረው የሚያኖሩ ሰዎች ናቸው በእኔ ጉንዳን የሚስቁት። አሁን ያ የሄርማታ ቤታችን ለመንገድ ፈርሷል፣ እናቴም እህቴ ጋ ገብታለች፣ እኔ ጅሬን ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይቼ አለሁ። ዝናብ ሲያባራ ግን ዓይኔ እስካሁን መሬት መሬት ነው የሚያየው።

ያን ጊዜ ከዝናብ በኋላ ክንፏን አራግፋ ደጃችን ላይ የምትንከራተት ትልቅ ጉንዳን አገኘሁ። ስልክ ላይ ባየሁት ቪዲዮ እንዲህ አይነቷ ንግስት ናት፣ ብቻዋን ቤት ትመሰርታለች። የማር ብርጭቆ ውስጥ እርጥብ ጥጥ አድርጌ አስገባኋት። እንዳትወጣ አፉን ከውስጥ ቅባት ቀባሁትና አልጋዬ ስር አስቀመጥኳት፣ ጨለማ ነው የሚወዱት። እንቁላል ጣለች፣ እንቁላሉ ነጭ ትል ሆነ፣ ትሉ ጉንዳን። ጠዋት ጠዋት ስኳር በውሃ በጥብጬ በስንጥር ጫፍ ጠብ አደርግላቸዋለሁ። ለትሎቹ ዝንብ እገድላለሁ፣ ያለ ስጋ አያድጉማ። የቀይ ቡና ቅርፊት ሳገኝ ደግሞ እጥልላቸውና ከበው ሲመጥጡት እያየሁ ምሳዬን እረሳለሁ።

እናቴ ግን ስኳርና ዱቄት ቸርቻሪ ናት። በስኳር ነጋዴ ቤት ጉንዳን! ያገኘቻቸው ቀን የፈላ ውሃ ይዛ መጣች። ያዳኗቸው ጎረቤታችን ሃጂ ናቸው። ጩኸታችንን ሰምተው ብቅ አሉና፣ «ዲሲ» አሏት በኦሮምኛ፣ «ተያቸው»። ጉንዳንም ፈጣሪውን ያመሰግናል፣ ያለ ጥፋቱ አይገደልም ብለው ገሰጿት። እናቴ ለንስሃ አባቷ እንኳን እንደዛ ታዝዛ አታውቅም። ብርጭቆውን በገዛ እጇ አልጋው ስር መለሰችው።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ሸቤ ቡና ለቀማ ሄድኩ። ጉንዳኖቹን ለእናቴ አደራ ሰጠሁ፣ ስኳሩንም ዝንቡንም እንዴት እንደምትሰጥ አሳየኋት። ኔትወርክ ባገኘሁ ቁጥር እየደወልኩ እንዴት ናቸው ስላት «ከእኔ እኩል ነው የሚበሉት» ትለኛለች። እኔ ጅሉ ደስ ይለኛል።

ለገና ዋዜማ ስመለስ ብርጭቆው ውስጥ አንድ ነጭ ትል የለም። ሠራተኞቹ ጉንዳኖች አልቀው ጥቂት ቀርተዋል፣ ንግስቷ ጥጡ ስር ተለጥፋ አትንቀሳቀስም። ዝንብ ትሰጫቸው ነበር ወይ አልኳት።

«በጾም?» አለችኝ።

ለካ ከእኔ እኩል ማለት ይሄ ነው። እሷ የገናን ጾም ስትጾም እነሱንም አስጹማቸዋለች። ስኳር፣ ሽሮ፣ የሙዝ ቁራጭ ትሰጣለች፣ ሞቶ የወደቀ ዝንብ እንኳ ካየች ጠርጋ ትጥላለች። ሲብስባቸው የገዛ ልጆቻቸውን በልተዋል። አፌ ከተከፈተ አይዘጋም፣ ያልተናገርኳት የለም።

«ጉንዳን ምን ጾም ያውቃል እማ?»

«አንተስ ታውቃለህ? እኔ ቤት እየኖረ በጾም የሚፈስከው አንድ አንተ ትበቃኛለህ።»

አኩርፌ ተኛሁ። በነጋታው ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነጠላዋን እንኳን ሳታወልቅ አልጋዬ አጠገብ ተንበረከከች። የተኛሁ መሰልኩ። ለወጡ ከተቀቀለው እንቁላል አስኳሉን በጥፍሯ ፈርፍራ ብርጭቆው ውስጥ ጣለችላቸው። እሷ ገና ምንም አልቀመሰችም።

«እንኳን አደረሳችሁ፣ በሉ ፍቱ» አለቻቸው። ቀጥላ ወደ እኔ ሳትዞር «አውቃለሁ አልተኛህም፣ ስልክህን አብራልኝ፣ እናትየዋ መብላቷን ልይ» አለችኝ።

መሬት ላይ በደረታችን ተኝተን አየን። አንዷ ሠራተኛ ፍርፋሪ ይዛ ጥጡ ስር ገባች። ንግስቷ መጀመሪያ ቀንዷን አነቃነቀች፣ ቆየት ብላ አፏን አስጠጋች። ዶሮው እስኪቀዘቅዝ ድረስ አልተነሳንም።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ንግስቷ እንቁላል ጣለች። ዐቢይ ጾም ሲገባ ዝንቡን እኔ ነኝ የምሰጣቸው፣ እናቴ ያን ኃጢአት አልይም ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። እንደዞረች ግን «በሉ?» ትለኛለች።