ኮአንግ የነገረኝ ሰዓት

ባለፈው ሳምንት ቢሯችን አዲስ የተቀጠረች ልጅ የስብሰባ ጥሪ ላከችልኝ። ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ ናይሮቢ፣ ሁለቱ አውሮፓ፣ አንዱ ደግሞ መንገድ ላይ ነው። ወዲያው ደወልኩላትና «ዘጠኝ ሰዓት ያልሽው በማን ሰዓት ነው?» አልኳት።

ሳቀች። «እትዬ ነጃት፣ ስልኩ ራሱ ያስተካክለዋል እኮ! የትም አገር ቢሆኑ የዚያን አገር ሰዓት ነው የሚያሳያቸው።»

ልክ ናት። እኔ ግን ስልኩን እንደዘጋሁ የሁሉንም ሰዓት ወረቀት ላይ ጻፍኩ፤ ከዚያም አንድ በአንድ እየደወልኩ አረጋገጥኩ። ልጅቷ ያረጀ ሰው አመል መስሏት ይሆናል። ነገሩ ግን ሃያ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ በፑኝዶ መንገድ ላይ የጀመረ አመል ነው።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። አባቴ ከወሎ መጥቶ ጋምቤላ ገበያ አጠገብ የጨርቅ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነው፤ እኔ የተወለድኩት እዚሁ ነው። ኮሌጅ ጨርሼ ስመለስ አንድ የእርዳታ ድርጅት ቀጠረኝ። ሥራዬ አውሮፓ ያሉትን አለቆች፣ የአዲስ አበባን ቢሮና እኛን በየሐሙሱ በስልክ ማሰባሰብ ነበር። ቀላል ይመስላል። እነሱ በራሳቸው አቆጣጠር ከቀኑ ሁለት ሰዓት ሲሉ በእኛ ዘጠኝ ነው። አንድ ጊዜ የፑኝዶው ባልደረባችን «ሁለት ሰዓት» የሚለውን ብቻ ሰምቶ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጫማውን ወልውሎ ስልኩ ሥር ቁጭ ብሎ ነበር።

ችግሩ እኔ ራሴ ቢሮ የማልገኝ መሆኔ ነው። ማክሰኞ ኢታንግ፣ ሐሙስ ፑኝዶ እመላለሳለሁ። የሳተላይት ስልክ ይዤ እዞራለሁ፤ ሜዳ ላይ ቆሜ፣ አንቴናውን ወደ ሰማይ አቅንቼ፣ ላቤ ጆሮዬ ላይ እየወረደ እሰበሰባለሁ። ኢሜይል የሚያነበውና ሰዓቱን በራዲዮ የሚነግረኝ ቢሮ የሚቀረው ባልደረባዬ ኮአንግ ነበር። ኮአንግ ኑዌር ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚያዘምር። ምሳ ሰዓት ላይ ባሮ ዳር ወርደን የተጠበሰ ዓሣ በዳጣ አብረን እንበላ ነበር። እሾኹን ለቅሞ የሚያቀርብልኝ እሱ ነው።

ከዚያ አንድ የአስተባባሪነት ቦታ ተከፈተ። ሁለታችንም አመለከትን። ዓሣውን አብረን መብላት አልተውንም፤ እኔ ግን እሾኹን ሲለቅም እጁን በጥርጣሬ ማየት ጀመርኩ።

አባቴ ይህን ሲሰማ ጨርቅ እየለካ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለኝ። «ሰውየው ክፉ ነው አላልኩም፣ ልጄ። አንቺ ግን መንገድ ላይ ነሽ፤ እሱ ወንበሩ ላይ ነው።»

ያን ዓመት ባሮ ሞልቶ ቶሎ አልወረደም። ጥቅምት እያለቀ እንኳ ከኢታንግ ወዲያ ያሉ መንደሮች በውሃ ተከበው ነበር። አንድ ማክሰኞ በታንኳ ስንሻገር ኛቦል የምትባል ሴት አገኘሁ። እድሜዋ ከእኔ አይበልጥም፤ የስምንት ወር እርጉዝ ነበረች። እጄን ይዛ ብዙ ነገር ተናገረች። ያን ቀን ለማስተርጎም አብሮኝ የሄደው ኮአንግ ተረጎመው፦ «ሞተር ያለው ጀልባ አምጡ ትላለች። ምጥ ሲመጣ በቀዘፋ ጤና ጣቢያ አይደርስም።» እናመጣለን አልኳት። ጥያቄውን ጻፍኩ። አውሮፓ ያሉት አለቆች በሐሙሱ ስብሰባ ያየ ሰው እንዲያስረዳቸው ፈለጉ። ኮአንግ ለትርጉም ያህል ነው የመጣው፤ መንደሮቹን በየሳምንቱ ዞሬ ያየሁትና ሰዉን የቆጠርኩት እኔ ነኝ።

ሐሙስ ፑኝዶ ሆኜ እንደተለመደው ዘጠኝ ሰዓት ላይ መስመሩ ውስጥ ገባሁ። ማንም የለም። ሃያ ደቂቃ ፀሐይ ላይ ቆምኩና ዘጋሁት። ማታ ጋምቤላ ስገባ ስብሰባው መደረጉን፣ ኮአንግ በእኔ ፋንታ መናገሩን፣ የጀልባው ነገር ግን ለሚቀጥለው ሐሙስ መተላለፉን ሰማሁ።

በማግስቱ ኮሪደር ላይ ያዝኩት። «ዘጠኝ አላልከኝም?»

«ዘጠኝ ነበር። እነሱ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ መለሱ። እኔም አላወቅሁም። አሥር ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ፣ አነሳሁ።»

«ማን ነው ሰዓት ወደ ኋላ የሚመልስ? አገር ሁሉ?»

«አገር ሁሉ» አለ። «ብርድ ሲመጣ ይመልሳሉ።»

ሳቅሁበት። ዛሬ ሕፃን የሚያውቀውን ያኔ አላውቅም ነበር፤ አንድ አገር ተስማምቶ የግድግዳ ሰዓቱን እጁን ጠምዝዞ ይመልሳል ማለት ለእኔ በደንብ ያልታሰበበት ውሸት ነበር። ስብሰባው ከዘጠኝ በፊት ተደርጎ አልቋል፣ እኔ እንድዘገይ አድርጎኛል ብዬ ደመደምኩ። ያን ሳምንት ባሮ ዳር አልወረድኩም። የሚነግረኝን ሁሉ በትንሽ ደብተር ከነቀኑ መመዝገብ ጀመርኩ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ጠዋት፣ ፑኝዶ ገና እንደደረስን፣ ድምፁ በራዲዮ መጣ። «ነጃት፣ ስብሰባ አሥር ሰዓት ነው። አሥር። ሰማሽ?»

ሰምቻለሁ አልኩት። በልቤ ግን፣ ባለፈው በዘጠኝ አዘገየኝ፣ ዛሬ ደግሞ በአሥር ጨርሶ ሊያስቀረኝ ነው አልኩ። ስምንት ሰዓት ላይ ደወልኩ። ጸጥታ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደወልኩ። ጸጥታ። በቃ፣ ተሰብስበው ጨርሰዋል። ስልኩን አጥፍቼ፣ ወረቀቴን አጥፌ፣ ለሹፌራችን ለኦባንግ «እንሂድ» አልኩት።

ኦባንግ አኙዋክ ነው፤ እንደ አባቴ የማከብረው ሽማግሌ። የአቦቦን መንገድ ይዘን ስንመለስ፣ ሣሩ ከግራና ከቀኝ ከመኪናው ጣሪያ በላይ ቆሞ፣ ራዲዮው ተንኮሻኮሸ። «ነጃት፣ ነጃት፣ ጋምቤላ ነኝ። እየጠበቁሽ ነው። ነጃት…»

«ይጠሩሻል እኮ፣ ልጄ» አለ ኦባንግ፤ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ አነሳ። «ላቁም?»

ስልኩ ጭኔ ላይ ነበር። አንቴናውን መዘርጋት ብቻ ነው። በኋላ ላይ «ስንጠራት አልመለሰችም» ለማለት እንዲመቸው የሚጠራኝ መሰለኝ። እጄን ሰድጄ የራዲዮውን ድምፅ ቀነስኩት።

«አታቁም» አልኩ።

ቢሮ የደረስኩት ሊመሽ ሲል ነው። ሠራተኛው ሁሉ ግቢ ውስጥ ቆሞ ነበር። ደብተሬን እያወዛወዝኩ ጮህኩ፤ ወንበሩን ፈልገህ ነው አልኩ፣ አውቀህ ነው አልኩ፣ ከዚህም የባሰ ዛሬ ልጽፈው የማልፈልገውን ነገር ተናገርኩ። ኮአንግ እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጠኝና ስብሰባውን ከአውሮፓ የምትጠራውን ሴትዮ ኢሜይል ከፈተ። ሰዓታችን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለተመለሰ ስብሰባው በእናንተ አሥር ሰዓት ይሆናል ይላል። ለእሱም ለእኔም ነው የተላከው። እኔ የራሴን አልከፈትኩትም ነበር።

«አሥር አልኩሽ» አለኝ። «አሥር ብዬ ነገርኩሽ። አላመንሽም።»

የስብሰባውን ቃለ ጉባኤ በማግስቱ አነበብኩት። ለምን አልተገኘችም ተብሎ ሲጠየቅ ኮአንግ «የፑኝዶ መስመር ተበላሽቶ ነው» ብሏል። የጀልባው ጉዳይ ግን ቦታውን ያየችው ሰው እስክታስረዳ ድረስ ተብሎ እንደገና ተላለፈ። በሦስተኛው ሐሙስ አስረዳሁ፤ ፈቀዱ።

ጀልባውን ይዘን ስንሻገር ኛቦል ዳር ላይ ቆማ ነበር። ሆዷ የለም፤ በእቅፏም ልጅ የለም። ምጡ የመጣው ከስድስት ቀን በፊት ነው፣ በታንኳ ላይ። እሷ ተርፋለች። ወደ ጀልባው አየችና ኮአንግን አንድ አጭር ነገር ጠየቀችው። እሱም አጭር መልስ ሰጣት።

«ምን አለች?»

«ለምን ዘገየ አለች።»

«ምን አልካት?»

«ወረቀት ዘገየ አልኳት።»

ቋንቋውን አልችልም ነበር። ከዚያ በፊት ቢሆን ኖሮ ምን እንደነገራት እጠረጥር ነበር። ያን ቀን ግን በእኔ ላይ የፈለገውን ነግሯት ቢሆን በወደድኩ። አለመንገሩን አውቃለሁ።

ወንበሩን ሁለታችንም አላገኘነውም፤ ከአዲስ አበባ ሰው መጣ። ኮአንግን ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ብዙ ሳልናገር «ተይው» አለኝ፣ እኔም ልክ ነው ብዬ ተውኩት። ዛሬ ጡረታ ሊወጣ ነው። ልጆቹ ከሱቃችን ጨርቅ ይገዛሉ። ጥርጣሬ ከሞኝነት ያድናል ይላሉ፤ አባቴም እስኪሞት ድረስ ይህንኑ ይል ነበር። እኔ ከሞኝነት አልዳንኩም፤ ብቻ ዐዋቂ መስዬ ለራሴ ታየሁ። ጀልባው በሁለተኛው ሐሙስ ቢፈቀድ በጊዜ ይደርስ ነበር ወይ? አላውቅም። አይደርስም ነበር ብዬ ራሴን ለማጽናናት ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ።

ኛቦል ኢታንግ ገበያ ውስጥ የደረቀ ዓሣ ትሸጣለች። ከዚያ በኋላ ሦስት ልጆች ወልዳለች። ባየችኝ ቁጥር ስቃ እጄን ትይዛለች፤ ስለ ልጆቿ ታጫውተኛለች። ይህን ሁሉ ዓመት በእሷ ፊት ዝም ስል፣ ቋንቋዋን አልችልም፣ በአስተርጓሚ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም እያልኩ ነበር። እውነት ነበር፣ መጀመሪያ ላይ። አሁን ግን የምትነግረኝን ሁሉ ያለ አስተርጓሚ እሰማለሁ፣ እመልሳለሁም። ነገ ማክሰኞ ኢታንግ እሄዳለሁ። ወረቀት አይደለም የዘገየው የሚለውን በኑዌርኛ እንዴት እንደምለው ካወቅሁ ሰንብቻለሁ።