የስፖንጅ ሽጉጡና የአባዬ ቀይ ክር

ባለፈው እሁድ ከእህቴ ልጅ አልጋ ሥር የተሰበረ የመጫወቻ ሽጉጥ አገኘሁ። የስፖንጅ ጥይት የሚተኩስ ነው፤ በተገዛ በሳምንቱ ተጥሏል። ጥይቷን አንስቼ በጣቴ ጨመቅ ሳደርጋት ልቤ ድንግጥ አለ። ይኸው፣ ስንት ዓመት አልፎም ይቺን ነገር ሳይ እደነግጣለሁ።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ሽሮ ሜዳ ነበር፤ አባዬም ሸማኔ ነበር። የባለሱቁ ልጅ ከድር፣ አጎቱ ከዱባይ እንዲህ ያለ ሽጉጥ አመጣለትና ሰፈሩን አመሰው። እኔም እሠራለሁ ስለው ሳቀ። «አንቺ ደግሞ! በእጅ የተሠራ ነገር ከፋብሪካ ጋር ሊወዳደር?» አለኝ። እኛ ቤት እኮ የሚበላው በእጅ ከተሠራ ነገር ነበር። ደሜ ፈላ። ቅዳሜ ከግቢያችን የውሃ ቧንቧ እስከ ግቢው በር የማን ጥይት እንደሚደርስ ልንወዳደር ተማማልን።

ሳምንቱን ሙሉ ትምህርት አልገባኝም። የውሃ ቱቦ ቁራጭ፣ የመጥረጊያ እንጨት፣ ከጎሚስታው የለመንኩት የሚለጠጥ የጎማ ቁራጭ፣ ከፍራሼ ጫፍ የቆረጥኩት ስፖንጅ ነበረኝ። ጎማው እንጨቱን ወደፊት ሲስበው፣ እንጨቱ ቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ገፍቶ ጥይቱን ማስወንጨፍ ነበረበት። አየሩ ግን በእንጨቱ ዙሪያ እያመለጠ ጥይቷ እግሬ ሥር ዘጭ ትላለች። አርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ መላው መጣልኝ። ለአባዬ ክር የማጠነጥንለት እኔ ነበርኩና የእንጨቱን ጫፍ በክር ጠምጥሜ አወፈርኩት፤ ቫዝሊን ለቀለቅሁት፤ ልክ ገጠመ። ክሩ ከአባዬ መሥሪያ አጠገብ ያገኘሁት ቀይ የጥለት ክር ነው። አባዬ የሚሠራው ነጠላ ጥለቱ ገብቶለት ስላየሁ ክሩ የተረፈ መስሎኝ ነበር። ነጠላ ሁለት ጫፍ እንዳለው፣ የሸማኔ ልጅ ሆኜ፣ ረሳሁት።

ቅዳሜ የከድር ጥይት በሩ ጋ ልትደርስ ሦስት እርምጃ ሲቀራት ወደቀች። ተራዬ ደርሶ ጎማውን እንደወጠርኩ አባዬ ከቤት ብቅ አለ።

«ቀዩን ክር ያየ አለ? የሙሽራዋ ነጠላ ነው፣ ዛሬ ይወስዱታል።»

ክሩ እዚያው እጄ ላይ፣ ቱቦው ውስጥ፣ በቫዝሊን ርሷል። «እኔንጃ» አልኩና ለቀቅኩት። ጥይቷ ሄዳ የበሩን ቆርቆሮ መታች። ልጆቹ ጮኹ፤ ከድር ራሱ አጨበጨበ። እኔ የማየው አባዬን ነበር። ቱቦዬን ትንሽ አየት አደረገና ወደ ቤት ተመለሰ።

ሌላ ቀይ ክር ገዝቶ ነጠላውን ጨረሰው፤ ቀዩ ግን አልተመሳሰለም። የሙሽራዋ እናት ሁለቱን ጫፍ አጋጥመው አዩና «ይሄ ለሠርግ ይሆናል?» ብለው ጥለውት ሄዱ። ያን ቀን ልናገር ብዬ ፈራሁ። በማግስቱም ፈራሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የኔ አፍ ግን እያደር ተያዘ።

ከዩኒቨርሲቲ የተመረቅኩ ቀን አባዬ ያንን ነጠላ ከሣጥን አውጥቶ አለበሰኝ። የተለየውን ጫፍ በጣቱ ዳሰስ አደረገና «ያቺ ጥይትሽ ግን፣ በሩ ባይኖር ኖሮ የት ትደርስ ነበር?» አለኝ። ትከሻው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

አሁን ዓይኑ ደክሞ ሸማ መሥራት ትቷል። የእህቴ ልጅ ሽጉጡ ሲሰበር ሌላ ይገዛለታል፤ የማንንም ክር መንካት አያስፈልገውም። እኔ በዓል በመጣ ቁጥር ነጠላዬን ሁለቱ ጫፍ ጎን ለጎን እንዲታይ አድርጌ እለብሳለሁ። «ቀዩ አይመሳሰልም እኮ» ይሉኛል። አውቃለሁ እላቸዋለሁ።